ልጅዎ ዕረፍት ላይ ናት

ቢታንያ መልእክቱ ሲደርሳት ቲማቲም እየለየች ነበር። ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀች፣ ስልኳን ከካፖርቷ ኪስ አወጣችና አነበበችው። «ልጅዎ ሶልያና ዕረፍት ላይ ናት። ሁኔታዋ አረንጓዴ ነው። ሥራዎን ይቀጥሉ።» ስልኩን መልሳ ከተተች፤ ጓንቷን አጠለቀች፤ የተሰነጠቀውን ወደ ግራ፣ ደህናውን ወደ ቀኝ ማለቷን ቀጠለች። አጠገቧ የምትሠራው ፈርዶሳ ቀና ሳትል የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀቻት። የኔ ናት አለቻት። ፈርዶሳም የእሷ ዘከሪያ ገና በጠዋቱ ዕረፍት መውሰዱን፣ ዘንድሮ ሙቀቱ ቀድሞ መግባቱን ነገረቻት፤ ወሬው በዚያው አለቀ። ግንቦት ነበር።

መጋዘኑ ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚጫነው አትክልትና ፍራፍሬ እዚያ ይለቀማል፣ ይታሸጋል። ውጭ አስፋልቱ ጫማ እየያዘ፣ ውስጥ ሴቶቹ ካፖርት ደርበው፣ አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ይሠራሉ። ቅዝቃዜው ከተወሰነለት ትንሽ ፈቀቅ ካለ ግድግዳው ላይ መብራት ይበራል፤ መካኒኮቹም ምሳቸውን ጥለው እየሮጡ ይመጣሉ። ቲማቲም ሙቀት አይችልም።

ልጆቹ የሚማሩበትን አዳራሽ ለማቀዝቀዝ ግን አቅም አልተገኘም። ቢታንያ ራሷ ተማሪ ሳለች ልጅ ክፍል ውስጥ ሲወድቅ አገር ይናወጥ ነበር፤ መምህሩ ያቅፈዋል፣ አንዱ ውሃ ያመጣል፣ ሌላው ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል። ኋላ ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ መውደቅ የየዕለት ነገር ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፉ ነበሩ። ወላጅ ሁሉ ልጁን ታቅፎ ወደ ሆስፒታል ይሮጣል፤ ኮሪደሩ ይጨናነቃል፤ በግፊያው ብቻ የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። በየልጁ እጅ ላይ የሚታሰረው አምባር የመጣው ያኔ ነው። ልጅ ሲወድቅ አምባሩ አረንጓዴ ካበራ ነገሩ ቀላል ነው፣ ልጁ ራሱ ይነሳል። ቀይ ካበራ አምቡላንስ ይመጣል። አረንጓዴ ልጅ ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ቀስ በቀስ ቀረ፤ ክልክል ሆኖ ሳይሆን የሐኪሙ በር የሚከፈተው በቀይ አምባር ስለሆነ ነው። የክፍሎቹን ወለል ስፖንጅ አለበሱት። ቃሉንም ቀየሩት። «ወደቀ» ማለት ሕፃናትን ያሸማቅቃል ተባለና «ዕረፍት ወሰደ» ሆነ።

ልጆቹም ለመዱት። ጓደኛቸው ሲዘረጋ ከጎኑ ያለው ልጅ ቦርሳውን ከራሱ ሥር ይሸጉጥለትና መጻፉን ይቀጥላል። መምህሯ ሰሌዳው ጋ ለመድረስ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የተኛውን ትሻገራለች። በሳምንቱ መጨረሻ ማን ብዙ ዕረፍት እንደወሰደ ይፎካከራሉ። ያልወሰደ ልጅ «ድንጋዩ» ይባላል።

የቢታንያ እናት ሜሮን ግን ቃሉን አፏ ላይ አላስገባችውም። እሷ ባደገችበት ዘመን አረፈ የሚባለው ሰው ሲሞት ነው። ይህን ለልጅ ልጇ መምህር ነግራት ነበር፤ መምህሯም ፈገግ ብላ፣ ቋንቋ ያድጋል እማማ፣ አለቻት። ሜሮን ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልሄደችም። የሚቀፋት ሌላም ነገር ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሰውን አንቱ አይልም፤ ትልቁም ትንሹም አንተ አንቺ ተባብሎ ነው የሚኖረው። አንቱ የሚለው የአምባሩ መልእክት ብቻ ነበር።

ሶልያና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ወሬኛ፣ ቆማ የማታርፍ ልጅ ናት። አባቷ ሄኖክ ጅቡቲ ወደብ ላይ ስለሚሠራ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ ቤቱ የሦስት ሴቶች ቤት ነው። እንደ እኩዮቿ ሁሉ አንዳንዴ ዕረፍት ትወስዳለች፤ ቢታንያም እንደ ሁሉም እናት ሥራዋን ትቀጥላለች።

አንድ ቅዳሜ ትምህርት የለም፣ ሜሮንም ጉልበቷን አሟት ተኝታለች። ቢታንያ ልጅቷን መጋዘን ይዛት ሄደች። የፈርዶሳን ካፖርት ደርበውላት፣ እጅጌው መሬት እየጠረገ፣ በሣጥኖቹ መካከል ስትዟዟር አረፈደች። ከእናቷ ራቅ ብላ ማንጎ ታቅፋ ቆማ ሳለ ባቡሩ ለጭነት መድረሱን የሚያስታውቀው ጥሩምባ ተነፋ። ድምፁ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያርገፈግፈዋል፤ ሴቶቹ ከለመዱት ቆይተዋል። ሶልያና ግን ማንጎውን እንደታቀፈች ወደቀች።

ቢታንያ ሌሎች ልጆች ሲወድቁ አይታለች። መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ከንፈራቸው ይነጣል፣ ያልባቸዋል፣ ግድግዳ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ እንደ ሻማ ቀልጠው ይወርዳሉ። ይሄ እንደዚያ አልነበረም። ልጅቷ መብራት እንደሚጠፋ ነው የጠፋችው። ቢታንያ ደርሳ ስታነሳት ዓይኖቿ ግማሽ ተከፍተዋል፣ አይታይባቸውም። እጇ አንድ ሁለቴ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና ማንጎዋ የት እንደሄደ ጠየቀች።

አምባሩ አረንጓዴ ነበር። በስልኩ የመጣው መልእክት «ዕረፍት፤ ምክንያት፦ ሙቀት» ይላል። ቢታንያ መልእክቱን ካፖርት ለብሳ፣ ትንፋሿ እየጨሰ፣ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ሰኞ ዕለት ፈቃድ ጠይቃ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ትሑት ነው፤ አምባሩን በመሣሪያው ሥር አሳልፎ አየና ምንም ችግር እንደሌለ ነገራት። የወደቀችው ብርድ ቤት ውስጥ መሆኑን አስረዳችው። ከመግባቷ በፊት ውጭ ሙቀት አግኝቷት ይሆናል አላት። ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ ነበረች ብትለው ትከሻውን ሰበቀ፤ ያልተጻፈ ነገር መጨመር እንደማይችል፣ መዝገቡ ላይም ቦታ እንደሌለው በትሕትና ነገራት። ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ ልጇን ይዛ ወጣች።

ማታ ራት ላይ ነገሩን ለእናቷ ስትተርክላት ሜሮን ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች።

«ናቲም እንዲያ ነበር» አለች።

ናትናኤል የቢታንያ ታላቅ ወንድም ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር ቢሾፍቱ ሽርሽር ሄዶ ሐይቅ ውስጥ ሞተ። ቢታንያ ያኔ ሕፃን ስለነበረች የምታውቀው ሰምጦ መሞቱን ብቻ ነው። ሜሮን ግን አሁን ሌላውን ነገረቻት። ናቲ ዋና የሚያስተምር ልጅ ነበር። ከዚያ በፊትም በር በድንገት ሲዘጋ፣ አንዴም ውሻ ሲጮህበት፣ በቁሙ ወድቋል። የዚያን ቀን ከጓደኞቹ ጋር እየተሽቀዳደመ ነበር፤ አልተንፈራገጠም፣ አልጮኸም፣ እየዋኘ ሳለ ቆመ አሉ። ሰው ሁሉ ውሃው ወሰደው አለ። እሷም የተባለችውን አመነች፤ ሌላ ምን ልታምን ትችል ነበር?

ከዚራ ሰፈር፣ ኒም ዛፎቹ ሥር፣ ዶክተር ኢብሳ የሚባል ሽማግሌ ይኖራል። ድሮ የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ አምባሩ ሲመጣ ፈቃዱ ሳይታደስለት ቀረ፣ እሱም አልተከታተለውም። ቢታንያ በሰው በሰው ተመርታ ሄደች። ሰውየው ሶልያናን በረንዳው ላይ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣት፤ አምባሩን ዞር ብሎም አላየው። የጠየቃት እንዲህ ብሎ ነው፦

«ልክ ከመውደቅሽ በፊት ምን እያደረግሽ ነበር?»

ይህን እስካሁን ማንም አልጠየቀም፤ እሷም ብትሆን ልጇን አልጠየቀቻትም። ሶልያና ማንጎ ይዤ ነበር አለችው። ዓይንሽ ጨለመብሽ ወይ፣ አቅለሸለሸሽ ወይ፣ አላት። የለም፣ ጥሩምባው ጮኸ፣ ከዚያ መሬት ላይ ነበርኩ አለች። ሌላ ጊዜስ? አንዴ ሩጫ ላይ፣ አንዴ የክፍሉ ደወል ከጆሮዋ ሥር ሲደወል። በቤተሰቡ በድንገት የሞተ ወጣት እንዳለ ሲጠይቅ ቢታንያ የናትናኤልን ነገረችው። ሽማግሌው ደረቷ ላይ ጆሮውን ደግፎ ብዙ ቆየ።

ከዚያ ልጅቷን ውሃ እንድትጠጣ ወደ ውስጥ ልኮ ለእናትየው ተናገረ። በሙቀት የሚወድቁት ብዙ ናቸው፣ አምባሩም ስለእነሱ ልክ ነው፤ ይነሳሉ። ነገር ግን ሲሮጥ የሚወድቅ ልጅ፣ ሲደነግጥ የሚወድቅ ልጅ፣ ይህ ሌላ ነው። በመካከላቸው ልቡ የሚስት አለ። «በብዙዎቹ መሃል ተደብቆ ነው የሚወድቀው» አላት። «ድሮም ጥቂት ነበሩ። ግን ድሮ ልጅ ሲወድቅ ሰው ስለሚደነግጥ አንዳንዱ ይገኝ ነበር።» ለማረጋገጥ ልቧን በመሣሪያ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ያስቸግራል እንጂ ከባድ ነገር አይደለም፣ መድኃኒቱም ተራ ኪኒን ነው። ያለ ቀይ ግን መሣሪያውም ኪኒኑም አይገኝም። እስከዚያው አትሩጥ፣ አትደንግጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት አትግባ አለ።

ቢታንያ ትምህርት ቤት ሄዳ ለልጇ ደወሉን እንዲያርቁላት ለመነች። ርዕሰ መምህሩ ለሁሉም ወላጅ እንዲህ ብናደርግ ደወል አይኖረንም አላት። ሩጫውን ግን ማስቀረት ይቻላል አለ፣ አምባሩ ካዘዘ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ስልኳ በጮኸ ቁጥር አረንጓዴ የሚለው ቃል፣ ድሮ የሚያሳርፋት፣ አሁን ያስበረግጋት ጀመር። በመጨረሻ ቀይ የሚገኝበት አንድ መንገድ ታያት። ሰውነት ከመጠን በላይ ሲቀዘቅዝ አምባሩ ምን ሊል እንደሚችል ማንም አይናገርም ነበር፤ በዚህ ከተማ የሚበርደው ልጅ የለምና።

ለፈርዶሳ ሁሉንም አልነገረቻትም። ልጄን ቅዳሜ አመጣታለሁ፣ የጭነቱ ጥሩምባ ያስደነግጣታል፣ የመንፋቱ ተራ ያንቺ ስለሆነ እስክነግርሽ ያዢልኝ ብቻ አለቻት። ፈርዶሳ ምክንያቱን አልጠየቀችም። «አቦ፣ ባቡሩ ይጠብቅ» አለች።

ቅዳሜ ዕለት ከሣጥኖቹ ጀርባ የበረዶ ባልዲ አቅርባ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ያለውን አልረሳችም። ስለዚህ መጀመሪያ የትንሿ ጣቷን ጫፍ ብቻ አስነካቻት፤ ከዚያ ሁለተኛዋን፤ እያወራቻት፣ ስለ አባቷ መርከቦች እየተረከችላት፣ እጇን በበረዶው ውስጥ እስከ ክንዷ ቀስ በቀስ ቀበረችው። ሶልያና መጀመሪያ ሳቀች። ቆይቶ አመመኝ አለች። ትንሽ ቻዪ የኔ እናት አለቻት ቢታንያ፤ የሌላ እጇን መዳፍ በልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ፣ ልቧ ብትቆም ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ። ባቡሩ ውጭ ቆሟል። የጣቢያው ሰዎች በስልክ ሲጮኹ፣ ፈርዶሳ ጥሩምባው ተበላሽቷል እያለች ስትመልስላቸው ይሰማታል። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። አምባሩ ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ ከዚያ ቀላ።

አምቡላንሱ ፈጥኖ ደረሰ። ከውስጡ የወረደችው ሊሻን የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች፤ ባልዲውን ባየች ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ሕፃን በበረዶ ማሠቃየት እንደሚያስከስስ ለቢታንያ ነገረቻት። ቢታንያ አልተከራከረችም። እዚህ ከደረስሽ ልቧን አንሺልኝና ከዚያ ክሰሺኝ አለቻት። ቀይ አንዴ ከበራ ደግሞ ሳይመረመር መዝጋት አይቻልም። ሊሻን በአምቡላንሱ ውስጥ ሽቦዎቹን በልጅቷ ደረት ላይ ለጠፈች፤ ማያ ገጹን አየች፤ ሽቦዎቹን ነቅላ እንደገና ለጠፈች። ከዚያ ወርዳ ከቢታንያ አጠገብ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ይህች ልጅ ስንት ጊዜ ነው የወደቀችው?»

ቢታንያ እንደማታውቅ ነገረቻት። ሁሌም አረንጓዴ ነበር።

በሳምንቱ የዕረፍት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጠራት። የተቀበላት ሰው አቶ ናኦድ ይባላል፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ ንግግሩ የረጋ፣ ጨዋ ሰው ነው። የልጅቷ ሕመም በመገኘቱ ደስ ብሎናል አላት። ኪኒኑ በየወሩ ቤቷ ድረስ ይመጣል፣ ሩጫ ይቀርላታል፣ ደወል የማይሰማበት ክፍል ትዛወራለች፣ ሐኪምም ያያታል። የበረዶውም ክስ ይቀራል። በምትኩ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ለሌላ ወላጅ እንዳታወራ። መዝገቡም እንደነበረው ሙቀት ይላል።

ቢታንያ እንደሷ ልጅ ያሉ ሌሎች ቢኖሩስ አለችው።

«ይኖራሉ» አላት፤ አልሸሸገም። «አምባሩ ይሳሳታል የሚል ወሬ ነገ ቢወጣ ግን ከተማው ሁሉ ልጁን ታቅፎ ወደ ሆስፒታል ይሮጣል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ታስታውሻለሽ። የኔ እህት በዚያ ኮሪደር ውስጥ ነው የሞተችው፣ ተረግጣ። ለጥቂቶቹ ብለን ብዙዎቹን አንገድልም።»

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ መሆን አለበት፤ አንቺ እያለ ነው ያናገራት። እሷም የሚለው ውሸት አልመሰላትም። ልጇ በር ላይ ከአያቷ ጋር ተቀምጣ እግሯን ስታወዛውዝ በመስታወቱ ይታያታል። ቢታንያ አውራ ጣቷን ውሉ ላይ የተባለችው ቦታ አሳረፈች።

ኪኒኑ መጣ። ሶልያና ወሬኛነቷ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ፣ ቶሎ ይደክማታል፤ ግን ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ አልወደቀችም። ሜሮን ለታቦቱ ጃንጥላ ተሳለች። ሄኖክ ከጅቡቲ ሲመጣ ልጁን ከፍ አድርጎ ሊወረውር አነሳና፣ ትዝ ሲለው ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጣት።

ፈርዶሳ በዚያ ቅዳሜ ባቡሩን በማስቆየቷ ተግሣጽ ደርሶባታል፤ ግማሽ ቀንም ሥራ ተከልክላለች። አምቡላንሱም ለብርድ እንደመጣ ነው የምታውቀው፤ አንድም ቀን አላነሳችውም። ሶልያናን ባየች ቁጥር ግን ወዝሽ ተመልሷል እያለች ጉንጯን ትቆነጥጣታለች።

ጥቅምት ላይ ነው፤ ሻይ ሰዓት፣ የመጋዘኑ በር ጥላ ላይ ተቀምጠዋል። ጠዋቱ በድሬዳዋ ወግ ቀዝቃዛ ነበር። ፈርዶሳ ስለ ዘከሪያ እየሳቀች ታወራለች። አሥር ዓመት ሞልቶታል፤ ኳስ አብዝቷል። ትናንት ከግብ ፊት ለፊት፣ ኳሱን እየነዳ፣ እግሩ እየሮጠ ሳለ ዕረፍት መውሰዱን፣ ጓደኞቹ ግብ ላለማስገባት ነው ብለው እንዳሾፉበት ነገረቻት። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበር፣ በማለዳ።

«እንዴት ያለ ዕረፍት ነው ግን በብርድ?» አለች ፈርዶሳ። «ያንቺስ እንዴት ነው የተዋት? የምትሰጫት ነገር አለ እንዴ?»

ቢታንያ ሻይዋን አየች። የሽማግሌው ድምፅ ጆሮዋ ላይ ነበር፤ ሲሮጥ የሚወድቅ ልጅ። አቶ ናኦድም፣ ኪኒኑም፣ ደወል የሌለበት ክፍልም አብረው መጡባት። ውሃ አበዛላታለሁ አለች።

«ውሃ ብቻ?»

«ውሃ ብቻ።»

ፈርዶሳ እሺ፣ እኔም አበዛለታለሁ አለች።

ከዚያ በኋላ ቢታንያ በየቀኑ ልትነግራት ታስባለች። ዛሬ ኪኒኑ የሚመጣበት ቀን ስለሆነ ነገ ትላለች፤ ነገ ደግሞ ሐኪሟ የምታያት ሳምንት ይሆናል። አንዴ ኢብሳ ጋ ውሰጂው ለማለት አፏን ከፍታ፣ ለምን ብላ ብትጠይቀኝስ ብላ ዘጋችው። ዘከሪያን አንድ ቀን ከእናቱ ጋር መንገድ ላይ ስታገኘው ኳስ ትቶ ጥናት እንዲያበዛ መከረችው። ልጁ ሳቀባት።

ኅዳር ውስጥ፣ ሰው በተጨናነቀበት የማሸጊያ ቀን፣ የፈርዶሳ ስልክ ጮኸ። አየችና ከተተች፤ ዘከሪያ ዕረፍት ላይ ነው፣ አረንጓዴ ነው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጮኸ። ይህን ጊዜ ፈርዶሳ ተናደደች። ስልኩን ወደ ቢታንያ አዞረችና አሳየቻት። «የልጅዎ አምባር ከእጁ ወልቋል። እባክዎ ማታ ይምከሩት።»

«ይሄ ልጅ ማውለቅ ጀመረ» አለች። «ማታ ቤት ይምጣ ብቻ።»

ቢታንያ ጽሑፉን አየችው። አምባሩ እንዴት እንደሚሠራ አታውቅም። የሚለካው ነገር የልብ ምት መሆኑን ግን ከሊሻን ሰምታለች፤ ምት ያጣ አምባር ደግሞ እጅ መኖሩን በምን ያውቃል?

«ሂጂና እዪው» አለቻት።

ፈርዶሳ ሳቀች። «ለዕረፍት?»

ቢታንያ አንዴ ነው ያለችው። ሁለተኛ መናገር ነበረባት፣ መጮህ ነበረባት፣ እጇን ይዛ መሮጥ ነበረባት። ቲማቲሙ በማጓጓዣው ቀበቶ ላይ እየመጣ ነበር፤ ጎንበስ ብላ መልቀም ቀጠለች። ፈርዶሳም ቀጠለች። እስከ ምሳ ድረስ ጎን ለጎን ሠሩ።

ልጆቹ ኋላ እንደተናገሩት ዘከሪያ ኳስ እየነዳ ነው የወደቀው። አንዱ ሹራቡን አጣጥፎ ከራሱ ሥር አደረገለት። ጨዋታው በእሱ ዙሪያ ቀጠለ፤ ኳሱ ወደ እሱ ስትሄድ ቀስ አድርገው ይወስዷታል። መምህሩ አይቶት ነበር፣ አረንጓዴ ነበር። ኋላ የአምባሩ መብራት ሲጠፋ አውልቆታል ብሎ ጻፈ። የሞተ መሆኑ የታወቀው ለምሳ ሲጠሩት ነው።

በዚያው ቀን ማምሻውን ተቀበረ። በሦስተኛው ቀን ቢታንያ ለቅሶው ቤት ገብታ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ በተቀመጡበት፣ ሁሉንም ተናገረች። ስለ ጥሩምባው፣ ስለ ኢብሳ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ አቶ ናኦድ፣ ስለ አውራ ጣቷ። አንዲት ሴት በቃ ተዪ አሁን አለቻት፤ አልተወችም። የጨረሰችው ድምፅዋ ሲያልቅ ነው። ፈርዶሳ ግድግዳ ተደግፋ ነበር፤ ዓይኗ ደርቋል።

«ውሃ ያልሽኝ ቀን» አለች። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፈርዶሳ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ሴቶች ተነስተው ቢታንያን ክንዷን ይዘው እስከ ደጅ ሸኟት፤ አልገፈተሯትም።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። እናቶች በረዶ መግዛት ጀመሩ። ለጥቂት ቀናት አምቡላንሶቹ ከደቻቱ ወደ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ሲራወጡ ዋሉ፤ ልባቸው የሚስት ሦስት ልጆች በዚህ ተገኙ ይባላል። በግፊያው የሞተ ሰው አልነበረም። ከዚያ አምባሮቹ በአንድ ሌሊት ታረሙ። በረዶ ውስጥ የገባ እጅ ላይ አረንጓዴ ይበራ ጀመር፤ መልእክቱም «ዕረፍት፤ ምክንያት፦ ብርድ» ይላል። ሊሻን ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። የሶልያና ኪኒን መምጣቱ ቆመ፤ አሁን ሄኖክ ከጅቡቲ በባዶ የቲማቲም ሣጥን ውስጥ ነው የሚልክላት፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ያኔ ሜሮንና ቢታንያ ተራ ገብተው አጠገቧ ይቀመጣሉ። ትምህርት ቤቷም ወደ ቀድሞው ክፍል መለሳት።

ፈርዶሳ ከአርባ ቀን በኋላ ሥራ ገባች። ሌላ ጠረጴዛ ያዘች። ሰላምታ አልነበረም፤ ቢታንያም ሰላም ለማለት ድፍረት አላገኘችም። እንዲህ ሆኖ ጥር ገባ። አንድ ቀን ግን ፈርዶሳ ካፖርቷን እየቆለፈች ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

«ልጅሽን ነገ ይዘሻት ነይ» አለች።

ቢታንያ ይዛት መጣች። ሶልያና የሆነውን ሁሉ ታውቃለች፤ ልጆች ነግረዋታል። ፊት ለፊቷ ቆመችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ፈርዶሳ ጓንቷን አወለቀች፣ ተንበረከከች፣ የልጅቷን ሹራብ አዝራር ፈትታ መዳፏን ደረቷ ላይ አኖረች። እንዲያ ሆና ብዙ ቆየች። በዙሪያቸው ሥራው ቆመ፤ ቲማቲሙ በቀበቶው ጫፍ እየተንከባለለ መሬት ወደቀ፣ የሚያነሳው አልነበረም።

«ቀስ ይላል» አለች ፈርዶሳ።

«መድኃኒቱ ነው» አለች ቢታንያ።

ፈርዶሳ አዝራሩን መልሳ ቆለፈችላት፤ የሹራቡን አንገትጌ አስተካከለችላት። ከዚያ ተነሳች፣ ጓንቷን አጠለቀችና ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ በዚያ መጋዘን ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።